ከጅማ ወደ ዝዋይ ደሴቶች በአነስተኛ ገንዘብ፦ እናቴን ለኅዳር ጽዮን ላድርሳት

አዌቱ ዳር — ጥቅምት 11

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ዓምና የዓይን ሞራ ይዟት በቀኝ ዓይኗ የሰው ፊት መለየት አቅቷት ነበር። ያኔ «ብርሃኔን ብትመልሺልኝ ደብረ ጽዮን ድረስ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማየት ቻለች። ጃንጥላውንም ራሷ መርጣ ገዛችው። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። አሁን ቁም ሳጥኑ አጠገብ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ታራግፍለታለች።

ደብረ ጽዮን የምትለው በዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችውን ነው። ለኅዳር 21 ላደርሳት እፈልጋለሁ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ግን ጥቂት ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ጀልባ አከራይ ስልክ ከሰው አግኝቼ ደወልኩለት። የጠራልኝ ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ የሚወስድ ነው፤ ያውም ለጀልባው ብቻ። እናቴ ሰምታ «ተይው፣ ጃንጥላውን እዚሁ እናስገባው» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን አይቼ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሄዳችሁ የምታውቁ፣ በየት በኩል ይሻላል? ጀልባ ላይ ከሰው ጋር ተጋርቶ መሄድ ይቻላል? ማደሪያስ? ከቻልን ሌሎቹን ደሴቶችም ብናይ ደስ ይለኛል፤ ዋናው ግን እሷን ማድረስ ነው።


ፈረንጅ አራዳ — ጥቅምት 11

እንኳን እናትሽን ማረልሽ። ደሴት ከሆነ የታሰበው ግን ለምን ጣና አትሄዱም? 37 ደሴቶች ያሉበት ሐይቅ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አስክሬን ያረፈበት ነው። ጎብኚ ስለሚበዛ ጀልባም እንደ ልብ ይገኛል። ዝዋይ ሰው የሚያውቀው ለዓሣው ነው እንጂ።


ጊቤ ማዶ — ጥቅምት 12

ፈረንጅ አራዳ፣ ሐሳብህ ከቅንነት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ዳጋ እስጢፋኖስም ሆነ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። እናትና ልጅ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ጀልባ ላይ ተቀምጠው ሊመለሱ ነው? ከጅማ ባሕር ዳር ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝዋይ በአዲስ አበባ በኩል 510 ቢሆን ነው። ደግሞም ስለት የተሳሉበት ቦታ አይለወጥም።

ልጄ፣ በጅማ መንገድ 22 ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ መንገዱ ልንገርሽ። በአንድ ቀን ዝዋይ እደርሳለሁ አትበይ። ወጣት ይችለዋል፤ እናትሽ ግን ጉልበታቸው ያብጣል። ኅዳር 18 ከጅማ ማለዳ 12 ሰዓት በሚወጣው ተሳፈሩ። ቲኬቱን ዋዜማውን ቁረጪ፤ ኅዳር የቡና ለቀማ ወር ስለሆነ መናኸሪያው ይጨናነቃል። ከሹፌሩ በስተኋላ ያለውን ወንበር ጠይቂ። ጠዋት ፀሐይ የምትመታው ቀኝ በኩል ያለውን ተሳፋሪ ነው፤ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ልዩነቱ ይታወቅሻል። በዚያ ላይ መካከለኛውና የኋላው ወንበር ጠመዝማዛው ላይ ሰውን ያንገላታል። እናትሽ ማቅለሽለሽ ካለባቸው ከመነሻችሁ በፊት ሆዳቸውን አያጥግቡ፤ ሎሚ ይያዙ።

አዲስ አበባ እደሩ። ዘመድ ካላችሁ ወጪው ቀለለ ማለት ነው። በማግስቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ የዝዋይ መኪና አለ፤ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መንገዱም ጥሩ ነው። ረዳቶቹ «ባቱ» ብለው ከተጣሩ እንዳትደናገሪ፣ ያው ዝዋይ ነው። ጀልባውን ለሦስተኛው ቀን ማለዳ ተዪው።


የቡታጅራ መንገደኛ — ጥቅምት 12

ለጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አዲስ አበባ ሳይገባም ይኬዳል። ወልቂጤ ወርዶ በጉብሬ በኩል ጉራጌን አቋርጦ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ዝዋይ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። አዲስ አበባ አልጋ መያዝ ቀረልኝ፤ የከተማ ታክሲውም ቀረልኝ። ደጋው በእንሰት ተሸፍኖ ሲታይ መንፈስ ያድሳል።


ጊቤ ማዶ — ጥቅምት 12

መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ውብ ነው። ግን ስንት ጊዜ መኪና ቀየርክ? በየመናኸሪያው ሚኒባስ እስኪሞላስ ስንት ሰዓት ተቀመጥክ? አንድ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሄድና የ67 ዓመት እናትን ከጃንጥላ ጋር ይዞ ሲኬድ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ መካከል ላይ ከመሸባችሁ ያዳናችሁት ገንዘብ ለአልጋ ይወጣል።


የቡታጅራ መንገደኛ — ጥቅምት 12

ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ቡታጅራ ላይም ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። እውነት ነው፣ ለእናት አይሆንም። ብቻውን ለሚሄድ ግን ሐሳቤ እንደጸና ነው።


ሒርማታ — ጥቅምት 13

እህቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ለሽንኩርትና ለቲማቲም መቂና ዝዋይ ከተመላለስኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደሴቱ ላይ አልወጣሁም፤ ከተማዋን ግን አውቃታለሁ።

ወጪሽ ሦስት ነው፦ መኪና፣ አልጋ፣ ጀልባ። መኪናው ታሪፍ ስላለው ብዙ አታድኚበትም። አልጋው ላይ ግን ታድኛለሽ፤ ከዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሆቴሎች ገባ ብለሽ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ስትሄጂ ንጹሕና ርካሽ ማደሪያ አለ። የጭነት መኪና የሚያድርበት አካባቢ እንዳትይዢ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሲነሳ ያድራል። ክፍሉን ሳታዪ ገንዘብ አትክፈዪ፤ አጎበሩ እንዳልተቀደደም ተመልከቺ። በዓሉ ሲደርስ ዋጋው ከፍ ስለሚል ከቻልሽ በሰው አስይዢ። ብሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ሁሉም ስለሚጨምር ለሚቀጥለው ሰው ውሸት ይሆንበታል።

ገንዘብ የሚፈሰው ጀልባው ላይ ነው። አንቺ የተጠራብሽ የኮንትራት ዋጋ ነው፤ ጀልባውን ከነነጂው ቀኑን ሙሉ እንደ መያዝ ማለት ነው። ሰው ከሞላው ግን ያው ዋጋ ለአሥር ይካፈላል።


ፈረንጅ አራዳ — ጥቅምት 13

ስለ ጣናው ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የሴቶቹን ነገር አላስተዋልኩም ነበር። ታዲያ ከጅማ ሰው አሰባስበን አንድ ሚኒባስ ብንከራይስ? አሥራ አንድ ሰው ከሆንን ከቤታችን በር ደሴቱ ድረስ አብረን እንሄዳለን።


ሒርማታ — ጥቅምት 13

ወንድሜ፣ አታድርጉት። ኮንትራት መኪና የያዝክ ቀን ሹፌሩ የሚያድርበትን፣ የሚበላበትን፣ ቆሞ የሚውልበትን ቀን ሁሉ ትከፍላለህ። ደሴቱ ላይ ሁለት ቀን ስትቆዩ መኪናው ዝዋይ ቆሞ ይቆጥርባችኋል። ሰው አሰባስቡ፣ ግን ለጀልባው።


ዘይ ልጅ — ጥቅምት 14

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የተወለድኩት ቱሉ ጉዶ ነው፤ አሁን ጅማ እማራለሁ። ይህን ክር አንድ ጓደኛዬ ልኮልኝ አነበብኩት። ስለ አገሬ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ዋና ዋናዎቹ ደሴቶቻችን አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ከተማው አጠገብ ያለችው ደብረ ሲና ናት፤ ሩቁና ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ስሙ ራሱ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። እኛ ዘይ ነን፤ ቋንቋችን ዘይኛ የሴም ቋንቋ ሲሆን ለስልጥኛና ለሐረርኛ ይቀርባል። ሽማግሌዎቻችን ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንቺም የጅማ ልጅ ከሆንሽ በኦሮምኛም በአማርኛም ትግባቢያለሽ። በትውፊታችን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ጽላተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ መጡ፤ ሰባ ዓመት ያህል ተቀምጣ ተመለሰች። ደብረ ጽዮን የተባለው ከዚያ ነው። የብራና መጻሕፍቱ ዛሬም አሉ። ስለዚህ «ዝዋይ ለዓሣው» ሲባል ስሰማ ልቤን ይነካኛል።

አሁን ስለ ጀልባው። በኮንትራት የሚሄደው ጎብኚ ነው። የደሴት ሰው ግን ጀልባ አይከራይም፤ ይሳፈራል። ለገበያ ማልዶ ወደ ከተማ ይመጣል፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ ይመለሳል። ለኅዳር ጽዮን ደግሞ ከመቂም ከዝዋይም ከአዲስ አበባም የሚመጣ ምእመን ስለሚበዛ ከኅዳር 19 ጀምሮ ሰው እየሞላ የሚሄድ ጀልባ አለ። ማድረግ ያለብሽ ይህ ነው፤ ጀልባ ማረፊያው ላይ ማልደሽ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ድረሺ። ነጠላ የለበሱ እናቶች የተቀመጡበትን ፈልገሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። የደላላውን ጥሪ አትመልሺ። እናቶቹን «ለጽዮን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ የዓመት በዓል ተጓዥ መሆናችሁን ሲያውቁ እነሱው ያሳፍሯችኋል። ስንት እንደሚከፍሉም እነሱን ጠይቂ፤ አንቺም ያንኑ ክፈዪ። ከዚያ በታች ግን አትከራከሪ። ያ ገንዘብ ነዳጅ ነው፤ ነጂውም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው።

ጠዋት መሆኑን አደራ። ሐይቃችን ጥልቅ አይደለም፤ የመጨረሻ ጥልቀቱ ወደ 9 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ሞገዱ ጀልባ ውስጥ ይገባል። ከከተማው ቱሉ ጉዶ በሞተር ከአንድ ሰዓት ተኩል የማያንስ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚነሳ ጀልባ ላይ እናትሽን አታሳፍሪ፣ በነጻ እንኳ ቢሆን።


ቆጪ — ጥቅምት 14

ዘይ ልጅ የጻፈውን በእኔ ላይ ከደረሰው ጋር ላጠናክር። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ሐይቅ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተሳፈርን። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ እኛ ዘጠኝ ነበርን። ነጂው «ምንም አይደለም» አለ። መካከል ላይ ሞተሩ ቆመ። አርባ ደቂቃ ያህል ነፋሱ እንዳሻው ሲገፋን፣ ውኃውን በዘይት ጣሳ እየጨለፍን ስናፈስ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ነጠላዋ ላይ አስራ ይዛው ነበር። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሳ። ጃኬት ሳትቆጥሪ አትግቢ፣ ትርፍ ሰው የተጫነበትም ላይ አትግቢ። የሚቀጥለውን ጠብቂ። ዝዋይ ድረስ የሄደ ሰው ሁለት ሰዓት ለመጠበቅ አይከብደውም።


ላብራቶሪ — ጥቅምት 15

በሙያዬ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ጥገኛ ትሉ በውኃ ቀንድ አውጣ አማካይነት ያድግና ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ዳር ላይ እግር መታጠብ፣ በባዶ እግር ገብቶ ጀልባ መሳብ፣ መዋኘት አያስፈልግም። ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ ካልቆመ እናትሽን የሚያሻግር ሰው ፈልጊ። እግራችሁ ከረጠበ ወዲያው በፎጣ ጥረጉት። የመጠጥ ውኃ ከከተማው ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ወባ አለ። ኅዳር ከክረምቱ ማግሥት ስለሆነ ትንኙ ገና አላለቀም። ደሴት ላይ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ከቤት ያዙ፤ ሲታጠፍ ትንሽ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከተሰማችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ተመርመሩ።


አዌቱ ዳር — ጥቅምት 16

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ ነጠላ ለባሽ እናቶቹ ስደርስ «በይ ድገሚው» አለችኝ። ዘይ ልጅ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ተራራው ላይ ነው ይባላል፤ ጉልበቷ ደካማ ነው። ደግሞስ የት እናድራለን?


ዘይ ልጅ — ጥቅምት 16

አዎ፣ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እኔ በሃያ ደቂቃ እወጣዋለሁ፤ እናትሽ በአንድ ሰዓት ይውጡት። ፀሐይ ሳይበረታ ይጀምሩ፣ በትር ይያዙ፣ እያረፉ ይውጡ። በመንገዱ ላይ ጥላ ያላቸው ዛፎች አሉ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ በዓመት በዓሉ ዋዜማ አብዛኛው ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በማኅሌት ያድራል፤ አረጋውያንን ደግሞ ሰዉ እቤቱ ያስገባል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢና ሰሌን ያስፈልጋል። ባለቤቶቹ ገንዘብ ላይቀበሉ ይችላሉ፤ እንግዳ በገንዘብ አይተኛም የሚሉ ሽማግሌዎች አሉን። ከጅማ ስለምትመጪ ቡና ይዘሽ ሂጂ። ስኳርና ሳሙናም ደሴት ላይ ትልቅ ስጦታ ነው። ጾመ ነቢያት ስለሚሆን ለራሳችሁ በሶና ቆሎ ያዙ።


አዌቱ ዳር — ኅዳር 29

ደርሰን መጣን! ለመጻፍ የዘገየሁት የፈተና ወረቀት ሳርም ነው።

ጋሼ ጊቤ ማዶ እንዳሉት በሁለት ቀን ዝዋይ ገባን። አስቸጋሪው ነገር ጃንጥላው ነበር። ቃሊቲ ላይ ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው አለ፤ እናቴ እምቢ አለች። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር እስከ በሩ አጋድመን፣ አራት ተሳፋሪ ጉልበቱ ላይ አሳርፎት ነው የተጓዝነው።

ኅዳር 20 ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ባጃጅ ይዘን ጀልባ ማረፊያው ደረስን። ገና አልነጋም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ቅሪት ሲጠብቁ በጨለማው ውስጥ ሽማግሌ መስለው ተደርድረው ቆመዋል። እናቶቹ እንደተባለው ነበሩ፤ አምስት ሆነው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ሄዳ ሳታስፈቅድ መካከላቸው ተቀመጠች። ጃንጥላውን ሲያዩ አንደኛዋ እልል አለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጀልባ የጠየቀንም ያስጨነቀንም ሰው የለም። የመጀመሪያው ጀልባ ጃኬት ስላነሰው ተውነው። ሁለተኛው እስኪሞላ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። አሥራ አንድ ተሳፋሪ ሆነን፣ ሁላችንም ጃኬት ለብሰን ተነሳን። ለሁለታችን የደርሶ መልስ የከፈልነው ያ አከራይ ከጠራልኝ አንድ አምስተኛ አይሞላም።

ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። ደብረ ሲናንና ሌሎቹን ከሩቅ አየናቸው፤ አልወረድንም። እንቦጭ ዳር ዳሩን ይዞት አይቻለሁ፤ ነጂው ሞተሩን ከውኃው አውጥቶ በመቅዘፊያ እየገፋ ነው ያሳለፈን። በአንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ደረስን።

ዳገቱን አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀችበት፤ ሰባት ጊዜ አረፈች። አንድ ትንሽ ልጅ ጃንጥላውን ልሸከም ብሎ ለመናት፤ አልሰጠችውም። ደጁ ስትደርስ ግን ገና ማኅበረ ካህናቱ ሳይቀበሏት ለእሱ ሰጠችውና ሁለት እጇን ዘርግታ መሬት ሳመች። አንዲት መበለት ቤታቸው ወሰዱን። ገንዘብ አልተቀበሉም፤ ቡናውን ግን ሲያሸቱት «የጅማ ነው» አሉ። ያን ሌሊት በእኛ ቡና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ።

በማግስቱ ታቦቷ ወጥታ ዑደት ስትጀምር ጃንጥላዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ቀይ ብቻ አራት ቆጥሬአለሁ። እኔ የእኛን መለየት አልቻልኩም። እናቴ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፤ በታመመው፣ በዳነው ዓይኗ ብቻ አየችና ጣቷን ቀስራ «ያቺ ናት፣ ከቄሱ በስተቀኝ ያለችው፣ ዘርፏ አንድ ቦታ የተቋጠረው» አለችኝ። ቋጠሮውን ራሷ ነበር ያሰረችው።

አሁን ወጪውን ያበዛብኝን ነገር ልንገራችሁ። ኅዳር 22 ለመመለስ አስበን ዳር ስንወርድ ነፋሱ ከማለዳው ተነስቶ ነበር። ነጂው አልነሳም አለ፤ ብዙዎች ለመኑት፣ አልነሳም አለ። በማግስቱ ማለዳ ነው የወጣነው። አንድ ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ ደመወዜም ተቆረጠ። በነጂው ግን ቅር አልተሰኘሁም፤ የቆጪን ጽሑፍ አንብቤ ነበርና። ስታቅዱ አንድ ትርፍ ቀንና የአንድ ሌሊት ገንዘብ ለነፋሱ ለይታችሁ አስቀምጡ።


ሒርማታ — ኅዳር 29

አልሐምዱሊላህ! እናትሽን ሳሚልኝ። የዘርፉን ቋጠሮ ሳነብ አለቀስኩ። ለሽንኩርት ስሄድ ልጆቼን ይዤ ለግማሽ ቀን አንዱ ደሴት ላይ ብወስዳቸው የትኛው ይሻላል?


ዘይ ልጅ — ኅዳር 30

ደብረ ሲና፤ ቅርብ ስለሆነች ማልዳችሁ ሄዳችሁ ነፋሱ ሳይነሳ ትመለሳላችሁ። ዳር ዳሩ ላይ ጉማሬ ስላለ ልጆቹ ከነጂው ፊት አይሩጡ። ስትሄጂ ቀድመሽ ጻፊልኝ፤ ወንድሜ ማረፊያው ላይ ይጠብቃችኋል። አዌቱ ዳር፣ መበለቲቱን አወቅኋቸው፤ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ቡናው አልቋል ብለዋል።


አዌቱ ዳር — ኅዳር 30

እናቴ አሁን እያስለቀመችው ነው። በሒርማታ እጅ እልከዋለሁ። ደግሞ አንድ የረሳሁት፦ ጃንጥላ ይዛችሁ የምትሄዱ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሉት፤ ጀልባው ሲነሳ የሚረጨው ውኃ ከፋዩን ያበላሻል።